ማጭድ የሌለበት የማዱራ ታሪክ

አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። በተለይ ኪንግ ሳይዝ የሚባለውን ግዙፉን ብቻዬን ልጠፈው ያለ ሰው መሬት ለመሬት ሲጎትተው ይውላል። እኔንና እሷን ያገናኘን ይኸው ነው። በፈረንጆቹ 2021 የጸደይ ወራት፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ የምሠራበት ሆቴል በኮሮና ምክንያት ያሰናበተንን ሠራተኞች መልሶ ጠራ፤ ከተጠራነው ግማሹ አልመጣም። በጎደለው ቦታ አዳዲስ ሰው ተቀጠረ። ማናጀሯ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይዛት ገባችና የአንሶላውን አንድ ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ለእሷ አስይዛን ወጣች።

ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት ናት። በማስኩ ምክንያት ፊቷን ሙሉውን ያየሁት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት።

«ከማዱራ» አለች።

«የት ነው እሱ?»

«ኢንዶኔዥያ።»

«ባሊ አጠገብ?» አልኩ፤ ከዚያ አገር የማውቀው ስም እሱ ብቻ ነበር።

ዓይኗ ጠበብ አለ። «ጃቫ አጠገብ ነው። ደሴት ነው። ጨው እናመርታለን» አለችና አንሶላውን ከሚገባው በላይ ወጠረችው። እኔም በተራዬ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላት «ረሃቡ አሁን ሻል አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆን ብላ ይሁን በየዋህነት እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ያኔ ግን ተያየንና ሁለታችንም ሳቅን።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ ስምንት ዓመት የጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። የአራሚ አመል ደግሞ አይለቅም። የዕድር ማስታወቂያ፣ እዚህ የሞርስ ሮድ የአበሻ ምግብ ቤቶች ሜኑ፣ የሠርግ መጥሪያ ሳይቀር እስክሪብቶ ካላወጣሁበት እጄን ይበላኛል። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከመጣሁ ወዲህ የማርመው ሰው አጥቼ ተቸግሬ ነበር።

እሷም እንደ እኔ በዲቪ ነው የመጣችው፤ ከአምስት ዓመት በፊት። ከከተማው ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ክፍላችን ውስጥ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ «ጋሼ» ስትለኝ ሰምታ እሷም ጋሼ ትለኝ ጀመር። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። በእናቷ ቋንቋ ግን በዕድሜ የሚበልጥን ሰው እንደ እኩያ ማናገር ነውር መሆኑን ስለነገረችኝ፣ እዚህ አነጋገሯን ሁሉ በ«እርስዎ» አድርጌዋለሁ። ያለዚያ ያስቀየምኳት ይመስለኛል።

አንድ ቀን የፎጣ መቁጠሪያው ቅጽ ጀርባ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ አየሁ። ፊደሉ ላቲን ነው፤ ቃሉን ግን አንዱንም አላውቀውም። ምንድን ነው ስላት «ታሪክ ነው» ብላ ቀማችኝ። የተቀማ ጽሑፍ እንቅልፍ ስለማያስተኛኝ በየብሬኩ እየጠየቅኩ ቀስ በቀስ አወጣጣኋት።

ተማሪ ሳለች ሱራባያ በሚባል ትልቅ ከተማ ትኖር ነበር። አገሯ ውስጥ ጋዜጦች እሑድ እሑድ አጭር ልብ ወለድ ያወጣሉ፤ እሷም አንድ ጽፋ ላከች። አዘጋጁ የማዱራ ልጅ መሆኗን ሲያውቅ «ታዲያ በሬዎቹ የታሉ? ማጭዱስ?» አላት። ማዱራ ሲባል የአገሩ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የበሬ ሽቅድድም ሲሆን፣ ሁለተኛው ክብሩ የተነካ ወንድ ማጭድ ይዞ የሚገጥመው የሞት ድብድብ ነው። እሷ ያየችው ማጭድ ሁሉ ሣር ነው የሚያጭደው። ቢሆንም እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ የኢንዶኔዥያ ሰዎች ለበዓል ተሰብስበው ከየት ነሽ ሲሏት ማዱራ ብትል፣ አንዱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «አደራሽን እንዳትቆርጪኝ» አላት። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷም ሳቀች።

«የሚቆጨኝ መሳቄ ነው» አለችኝ።

ስልኳ ላይ የምታነባቸው፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንሱ የማዱራ ጸሐፊዎች አሉ። ስለ እነሱ ስታወራ እጇ አንሶላውን ይረሳዋል። «በማዱርኛ ከጻፉ አንባቢያቸው የመንደራቸው ሰው ነው፤ ሽማግሌ ደፈራችሁ፣ ሃይማኖት ነካችሁ ይላቸዋል። በኢንዶኔዥያኛ ከጻፉ ከተሜው ማጭዱን አሳዩን ይላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎሙ ደግሞ ማዱራ የሚለው ስም ራሱ ይጠፋና ኢንዶኔዥያ ይባላል» አለችኝ። የዓለም አንባቢ የሚባለውን ሰው ሰደብኩላት። ስድብ አይቸግረኝም።

«አንቺ ታዲያ ለማን ነው የምትጽፊው?»

«ለአባቴ።»

አባቷ ጨው አምራች ናቸው። በልጅነታቸው ሃይማኖት ትምህርት ቤት የተማሩት በዓረብ ፊደል የተጻፈ ማዱርኛ ነው፤ የላቲኑን አያነቡም። ከሥራ በኋላ ምን እንደምታደርግ ጠይቀዋት እጽፋለሁ ስላለቻቸው፣ በደወለች ቁጥር «አንብቢልኝ እንጂ» ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አላነበበችላቸውም። ገና ነው፣ አልተስተካከለም እያለች ታሳልፈዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቷ ሰምተው «ይሄ የእኛ ነው» የሚሉት አንድ ታሪክ መጻፍ። ጋዜጣውም፣ መጽሐፉም፣ ጭብጨባውም ይቅርብኝ አለችኝ። እኔ ግን ጭብጨባው እንዲቀርባት አልፈለግኩም።

ሞርስ ሮድ አጠገብ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የስደተኞች የጽሑፍ ቡድን ነበረን። የምትመራው ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት አስተማሪ ናት። በ2020 በዙም ነበር የምንገናኘው፤ በቀጣዩ ዓመት በፈረንጆቹ በጋ በአካል መገናኘት ስንጀምር የአባላቱ ጽሑፍ በአንድ መጽሐፍ እንዲታተም ተወሰነ። ይዣት ሄድኩ።

እዚያ ቡድን ውስጥ እኔ የተከበርኩ ሰው ነኝ። የተከበርኩበትን ምክንያት ግን መናዘዝ አለብኝ። ያደግኩት ጎጃም በረንዳ አጠገብ ነው። አባቴ ጎማ ጠጋኝ ነበር፤ ድህነት እንጂ ረሃብ ቤታችን አልገባም፣ አንድም ቀን ምሳ አልፎኝ አያውቅም። በዙሙ ዘመን ግን በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ሦስት ቀን እህል ስላልቀመሰ ሕፃን ነው፤ ያውም «እኔ» እያልኩ። አንብቤ ስጨርስ ስክሪኑ ላይ በየሳጥናቸው ያሉት ሰዎች ማይካቸውን እንደዘጉ ሲያለቅሱ አየኋቸው። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ?

እሷ ያነበበችው ታሪክ ስለ ቤት ነው። በማዱራ ልማድ ወላጅ ቤት የሚሠራው ለሴት ልጁ ነው፤ ባል ነው ወደ ሚስቱ ግቢ የሚገባው። ቤቶቹ በአንድ ረድፍ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው ይቆማሉ። በስተ ምዕራብ ጫፍ ትንሽ የጸሎት ቤት አለች፤ ወንድ እንግዳም የሚያርፈው እዚያ ነው። ከእሷ ቀጥሎ የወላጆች ቤት፣ ከዚያ የታላቋ ልጅ፣ ከዚያ የተከታይዋ እያለ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። የሁሉም በር ወደ አንድ ረጅም ግቢ ነው የሚከፈተው። እሷ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የመጨረሻው፣ የምሥራቁ ቤት የእሷ ነው። ባዶውን ተቆልፎ ይኖራል፤ አባቷ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከፍተው ይጠርጉታል።

ታሪኩ ይህንኑ ነበር የሚለው። ሽማግሌው የጨው ውሃውን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ያሳልፋል፤ ዓርብ ሲደርስ ማንም የማይኖርበትን ቤት ይጠርጋል። በሌላ አገር ልጅቱ የአፓርትመንቷን ሊዝ፣ የዓመት የኪራይ ውሏን፣ ታድሳለች። አባት ጠረገ፤ ልጅቱ ፈረመች። እንደገና ጠረገ፤ እንደገና ፈረመች። እንዲህ እያለ ሄዶ ያልቃል።

አስተማሪዋ «በጣም ያምራል» አለች፣ ከዚያም በትሕትና «ግን ምን ይሆናል? ምን የሚደርስ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄ ነበር፣ ሌላ ነገር አላለችም። የቀረውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ራይድ ስሰጣት መኪና ውስጥ ጀመርኩ። «ሰሜን ነው ደቡብ ነው ብሎ ስለ ቤት አቀማመጥ ሁለት ገጽ! ታሪክሽ ውስጥ ምንም የሚደርስ ነገር የለም እኮ። አንዲት ማጭድ ብታስገቢ ምን አለበት?»

«ጋሼ፣ እርስዎም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ትጽፊያለሽ። እኔስ ብትይ፣ ረሃቡን ያስገባሁት ርቦኝ ነው?»

እንዳልራበኝ ያን ቀን ነው ያወቀችው። መጀመሪያ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ኋላ በመስኮት ማየት ጀመረች። ከደጃፏ ስንደርስ፣ ምንም ሳልጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «በዚያ በእኛ ግቢ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሁሉም ያያል። እወደዋለሁ። ግን እዚያ ሆኜ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም።» እኔ የማጭዱን ጉዳይ እያሰብኩ ስለነበር አልሰማኋትም ብል ይሻላል።

ሁለት ወር ጨቀጨቅኳት። አንሶላ ስናጥፍ፣ ፎጣ ስንቆጥር፣ ብሬክ ላይ ምሳችንን ስንበላ ሥራዬ እሱ ሆነ። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ተቀብዬ አረምኩላት። የሊዟን ነገር «ድግግሞሽ ነው» ብዬ በቀይ ሰረዝኩት፤ የቀረችው አንዲት መስመር ብቻ ናት። በመጨረሻ ደከማት መሰለኝ፣ ጻፈችው። በምሥራቁ ቤት የሚኖር ባል ሚስቱን በምኞት ዓይን ያየበትን ጎረቤት በጨው ገንዳው ግድብ ላይ ጠበቀው። ሁለት ማጭድ፣ አንድ ሬሳ። ሽማግሌው የሚጠርገው ደም ሆነ። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ አድርጋ ጻፈችው። ቡድኑ ትንፋሹን ውጦ ሰማት፤ የመጽሐፉ መክፈቻ ይሁን ተባለ። ያን ዕለት እሷም ደስ ብሏት ነበር። ከሥራ መልስ ኬክ ገዝታ አበላችኝ።

ከዚያ በማዱርኛ ለአባቷ አነበበችላቸው። እንደተስተካከለ የምታምንበት የመጀመሪያው ታሪኳ ነበር።

በማግስቱ ሥራ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። አባቷ ማጭዱ እስኪመጣ ድረስ ጸጥ ብለው ሰሟት፤ እዚያ ሲደርስ አስቆሟት። «ይሄ የማን ቤት ነው?» አሏት። የእኛ አለች። «በእኛ ግቢ ማን ሞተ?» ማንም፣ ፈጠራ ነው አባባ አለች። «ልጅህ ለምን አገር ጥላ ሄደች እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። የምመልሰው አጥቼ ዝም እላቸው ነበር። አሁን አንቺው በግቢያችን ደም ፈሶ ነው ብለሽ መልስ ሰጠሻቸው» ብለው ስልኩን ዘጉባት። ሁለት ዓርብ አለፈ፤ ብትደውልም አላነሱላትም። ታላቅ እህቷ ደውላ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የምሥራቁን ቤት አልከፈቱትም፣ አልጠረጉትምም አለቻት።

አንሶላውን ይዤ ቆምኩ። አፈርኩ። ምሳዬን ከፍቼ መልሼ ከደንኩት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ አለፈኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ አስተማሪዋ ጋ አብረን ሄድን። እኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገም። ሴትዮዋ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት እስኪላክ ሦስት ሳምንት እንዳለ፣ ታሪኩ የእሷ ስለሆነ የፈለገችውን ማድረግ እንደምትችል ነገረችን። ግፋ ቢል መክፈቻው ላይሆን ይችላል አለች። ጸሐፊዋም «መጨረሻው ገጽ ላይ ይሁን» ብላ የመጀመሪያውን ታሪክ እንዳለ መለሰችው። የሊዟን መስመሮች አንድ በአንድ ቦታቸው ስታስገባቸው አየሁና አላስችል አለኝ፤ «እሱን እንኳ እንደተሰረዘ ተይው፣ ድግግሞሽ ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ በቃ» አለችኝ።

በቃ አልኩ። የእኔን የሐሰት ረሃብ ግን ከመጽሐፉ ለማውጣት ድፍረቱ አልነበረኝም። በ2022 ጸደይ መጽሐፉ ሲወጣ እንዳለ አለበት፤ እስካሁንም የሚያውቅብኝ እሷ ብቻ ናት።

አባቷ ስልክ ያነሱት ጥቅምት ውስጥ ነው። እዚህ ጠዋት አራት ሰዓት፣ እዚያ ምሽት ሦስት ሰዓት። ብሬክ ላይ ነበርን፤ ማድረቂያዎቹ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ልነሳላት ስል በእጇ ተቀመጡ አለችኝ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷ ላይ በዘረጋችው የፎጣ መቁጠሪያ ቅጽ ጀርባ እያየች በማዱርኛ ታነብ ጀመር።

አንዲት ቃል አይገባኝም። የሚገባኝ «ሊዝ» ብቻ ነው፤ በቋንቋቸው ስም ስለሌለው እንዳለ አስገብታዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ስሰርዝ የኖርኩ ሰው፣ ከጠቅላላው ታሪክ እኔ የሰረዝኩትን ብቻ እየለየሁ ሰማሁ። ስትጨርስ ሽማግሌው ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቁ፣ እሷ መለሰች። ደግመው ጠየቁ፣ መለሰች። የመጨረሻዋ መልስ አጭር ነበረች፤ ከእሷ በኋላ እሳቸው ትንሽ ተናገሩና ስልኩ ተዘጋ።

«ወደዱት?» አልኳት ቸኩዬ።

«‹ሊዝ ምንድን ነው?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹እዚህ ቤት አንድ ዓመት እኖራለሁ ብለው የሚፈርሙበት ወረቀት ነው› አልኳቸው። ‹ስንት ጊዜ ፈረምሽ?› አሉኝ። አምስት አልኳቸው።» ወረቀቱን በአራት አጠፈችው። «‹እንግዲያው አትመጪም› አሉ። ጥያቄ አልነበረም፣ ጋሼ።»

«አንቺስ?»

«‹አልመጣም አባባ› አልኳቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ለሚመጣው ዓመት፣ ለሚመጣው ዓመት ስላቸው ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን አንብቤላቸው ስጨርስ መዋሸት አቃተኝ።»

«ተቆጡሽ?»

«አልተቆጡም። ‹በደንብ ጽፈሽዋል፤ የእኛ ነው› አሉኝ።» ይህን ስትል ፈገግ ልትል ሞከረች። «ከዚያ የታላቅ እህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር እንደምታገባ ነገሩኝ። የምሥራቁን ቤት ነገ ይጠርጉታል። ቁልፉን ለእሷ ሊሰጧት ነው።»

እዚያው አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ወረቀቱን ጨብጣ። ብሬኩ አልቆ ማናጀሯ በር ላይ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች። እኔ ከአጠገቧ አልተነሳሁም። ሁለት ወር ሙሉ፣ ታሪክሽ ውስጥ ምንም የሚደርስ ነገር የለም እያልኩ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ።